ከዋንዛ የተሠራ ባለ 24 ጠርሙስ የወይን ጠጅ መደርደሪያ፦ ከ9 ወር አገልግሎት በኋላ

መደርደሪያው በትእዛዝ አናጺ የሠራው ነው። ወርዱ 62፣ ከፍታው 56፣ ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አራት ረድፍ አለው፤ በየረድፉ ስድስት ጠርሙስ ይይዛል። ከነሐሴ እስከ ግንቦት አዲስ አበባ በሚገኝ ሳሎን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሞልቶ ቆሟል። አንድ ሙሉ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 1.3 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ጠቅላላው ሸክም ከ30 ኪሎ ያልፋል። ዋንዛው ይህን ያለ ችግር ተሸክሟል፤ አንድም አግዳሚ አልጎበጠም። ችግሩ የመጣው ልኩ በአንድ ዓይነት ጠርሙስ ብቻ በመወሰዱ ነው።

እያንዳንዱ ረድፍ ሁለት አግዳሚ አለው፤ የኋላው የጠርሙሱን ሆድ፣ የፊተኛው አንገቱን ይይዛል። ሁለቱም ላይ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተፈለፈለ ማስቀመጫ አለ። ቦርዶ የሚባለው ትከሻው ቀጥ ያለ ጠርሙስ ሆዱ 7.5፣ አንገቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ስለዚህ ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ እንዲተኛ የአንገቱ ማረፊያ ከሆዱ ማረፊያ 2.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ የሁለቱ ልዩነት ግማሽ ማለት ነው። አናጺው ይህን በትክክል ሠርቶታል፣ ሊመሰገንም ይገባል። ሁለቱ ማረፊያዎች እኩል ከሆኑ ጠርሙሱ ወደ ፊት ያዘነብልና ቫርኒሽ በተቀባ እንጨት ላይ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። አንገቱ ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ደግሞ አየሩ ወደ ቡሹ ይሄድና ቡሹ ይደርቃል፤ ያኔ ጠርሙሱን ማጋደሙ ትርጉም የለውም።

ወደ ጉድለቱ እንምጣ። የሆድ ማስቀመጫዎቹ ወርድ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ከመካከል እስከ መካከል ያለው ርቀት 9.5 ነው። በሁለት ማስቀመጫዎች መሀል የቀረው ቀንድ ጫፉ ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የሻምፓኝ ጠርሙስ ግን 8.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ወደ ታች ገብቶ አይቀመጥም፤ በሁለቱ ቀንዶች ላይ ይንጠለጠልና እንደ ሽብልቅ ወደ ጎን ይገፋቸዋል። የእንጨቱ ጭረት (የቃጫው መሥመር) የሚሄደው በአግዳሚው ርዝመት ስለሆነ ቀንዱን አቋርጦት ያልፋል፣ በዚያ አቅጣጫ ደግሞ እንጨት ደካማ ነው። በአራተኛው ወር ሁለት ቀንዶች ከሥራቸው ተሰነጠቁ፤ ስንጥቁ በምላጭ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ያለ ነበር። በነጭ ኮላ አጣብቆ በሞርሳ ሌሊቱን ማሳደር በቂ ሆኗል፤ ነገር ግን በእነዚያ ቦታዎች ላይ ወፍራም ጠርሙስ ዳግም መጫን አያስፈልግም።

አዲስ የሚያሠራ ሰው ልኩን ቤቱ ካለው ወፍራሙ ጠርሙስ ይውሰድ። የክቡ ወርድ 9፣ ከመካከል እስከ መካከል 10.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጠቅላላ ወርዱ ወደ 68 ከፍ ይላል። ቀላሉ አሠራር 14 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለውን ጣውላ መሀል መሀሉን በክብ መብሻ በስቶ በርዝመቱ ለሁለት መሰንጠቅ ነው፤ ከአንድ ጣውላ ሁለት ተመሳሳይ አግዳሚ ይወጣል። ከዚያ ከተከፈተው ጠርዝ ላይ 1.4 ሴንቲ ሜትር መላግ ነው። ማስቀመጫው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይቀረዋል፣ ይህም ለመያዝ ይበቃል፤ ቀንዱ ደግሞ አጭርና ወፍራም ይሆናል።

ሁለተኛው ጉድለት መወዛወዝ ነው። አግዳሚዎቹ ከቋሚዎቹ ጋር የተያያዙት ጫፋቸው ላይ በገባ ቪት ብቻ ነው። በክረምት የተሠራ እንጨት እርጥበት ይዞ ይቆይና በኅዳርና በታኅሣሥ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በጭረቱ አቅጣጫ ጫፍ ላይ የገባ ቪት ደግሞ ድሮም አጥብቆ አይነክስም። በጥር ወር መደርደሪያውን በአንድ እጅ ወደ ጎን ሲገፉት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። ቪቱን ማጥበቅ ለሳምንት ብቻ ሠራ። የፈታው ከጀርባው በሰያፍ ከጥግ እስከ ጥግ የተመታ 5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ዘንግ ነው። ከመምታት በፊት ሁለቱን ሰያፍ ርቀቶች በሜትር ለክቶ እኩል ማድረግ ግድ ነው፤ አለዚያ ጠማማው ጠማማ ሆኖ ይጸናል። ከመጀመሪያው ወንዴና ሴቴ ተደርጎ (የአንዱ ጫፍ በሌላው ቀዳዳ ገብቶ) በኮላ ቢገጠም ግን ይህ ሁሉ አይመጣም፤ ተጨማሪ ዋጋ ሊከፈልበት የሚገባው ሥራ ይኸው ነው። ከፍ ያለ መደርደሪያ ከሆነ ደግሞ በፊሸር ከግድግዳ ጋር ይታሰር።

ቫርኒሹ ጥሩ ይዟል፤ ሽታው ግን ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል፣ እስኪጠፋ ጠርሙስ ባይገባ ይሻላል። በቫርኒሽ ፋንታ ከወጥ ቤት የተወሰደ ጥሬ የተልባ ዘይት መቀባት አይመከርም። ለሳምንታት ይጣበቃል፣ የጠርሙሱን ወረቀትም ያበላሻል።

ቦታው ከምድጃና ከፀሐይ የራቀ ይሁን፤ ማቀዝቀዣ አጠገብም ሙቀትና ንዝረት አለ። ክዳኑ የሚጠመዘዝ ጠርሙስ ቆሞም ቢቀመጥ ምንም አይሆንም፣ ስለዚህ ቦታውን ቡሽ ላላቸው መተው ነው። በወይን ጠርሙስ የተሞላ የቤት ጠጅ ግን እዚህ አይጋደም። መፍላቱን ካልጨረሰ ጋዙ ቡሹን ገፍቶ ያስወጣና ጠጁ በታችኞቹ ረድፎች ላይ ይፈስሳል፤ ስኳሩ ጭረት ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ማጽዳቱ ያስቸግራል።