ቲቤትን ላስጎበኙን ሁለት ሰዎች ከልብ ምስጋና (መሄድ ላሰባችሁም ጥቆማ)

ከቲቤት ዋና ከተማ ከላሳ ተነስተው በመኪና ኤቨረስት ሥር አድርሰው በሰላም የመለሱንን አስጎብኚያችንንና ሾፌራችንን በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ጉዞው በጥቅምት ነበር። የሄድነው እኔ፣ ባለቤቴና እኛን ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ ቻይና፣ ጓንዡ የመጣችው አክስቴ ነን። አክስቴ ስድሳን አልፋለች። "እሷን ይዛችሁ እዚያ ከፍታ ላይ?" ያላለን ሰው የለም። ሄደች፣ አየች፣ ደህና ሆና ተመለሰች። ይህ የሆነው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው።

ለማያውቅ ልንገር። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቲቤት ራስ ገዝ ክልል ውስጥ እንደልቡ ብቻውን አይዞርም። ከቻይና ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ሌላ የቲቤት የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። እሱን የሚያወጣው አስጎብኚ ድርጅት ነው። ፈቃዱ በእጃችሁ ከሌለ ላሳ በሚሄደው አውሮፕላንም ባቡርም አትሳፈሩም። ከላሳ ወጥቶ ወደ ኤቨረስት ለመሄድ ደግሞ ሌላ ፈቃድ አለ፤ አስጎብኚና መኪና ከነሾፌሩ ግድ ነው። ስለዚህ ከማን ጋር እንደምትሄዱ መምረጥ ትልቅ ነገር ነው።

የአስጎብኚያችን፣ የዚህ ልጅ፣ ትልቁ ሙያ አለማስቸኮሉ ነው። ላሳ 3,650 ሜትር ላይ ናት። እኛ የመጣነው ከባሕር ጠርዝ፣ ከጓንዡ ነው። ገና ሆቴል እንደገባን "ዛሬ ማታ ገላችሁን አትታጠቡ፣ ደረጃ አትሩጡ፣ ውኃ ጠጡ" አለን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባርኮር ብዙ አላራቀንም። ባርኮር በጆካንግ ቤተ መቅደስ ዙሪያ ምእመናን እየጸለዩ የሚዞሩበት ጎዳና ነው። መሬት ላይ በሙሉ ቁመታቸው እየተዘረጉ የሚሰግዱ አሉ። አክስቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታያቸው ዋለች፤ እሱም አጠገቧ ተቀምጦ ዋለ። የፖታላን ቤተ መንግሥት ሆን ብሎ ወደ ኋላ ገፋው። ደረጃው ብዙ ነው፤ ውስጥ የሚፈቀደውም ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ሰው መጣደፉ አይቀርም።

አክስቴ ኩሩ ናት። "የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ብርድም ዳገትም አይበግረኝም" አለችው። ተረጎምኩለት። ሳቀና አገሯ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቀ። ከ2,800 በላይ እንደሆነ ስነግረው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ የኦክስጅን መለኪያዋን ጣቷ ላይ ሰካ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ቁጥሩን ትንሽ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር። የኢትዮጵያና የቲቤት ደገኞች ሰውነት ከፍታን የሚቋቋመው በተለያየ መንገድ መሆኑን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። እሱ ግን የሚያምነው ጣቷ ላይ ያለውን ቁጥር ነው።

ከላሳ ወጥተን ካምባ ላ የሚባለውን የተራራ ማለፊያ በር ስንሻገር ያምድሮክ ሐይቅ ከታች ተዘረጋ። ሐይቁ ራሱ 4,441 ሜትር ላይ ነው። ቀለሙን በፎቶ አይቼው ነበር፤ ፎቶ ግን አይገልጸውም። ጊያንትሴ አካባቢ ስንደርስ ሜዳው ሁሉ የገብስ አገር ነው። አዝመራው ገብቷል፣ ገለባው ተከምሯል፣ የያክ (ጸጉራም የደጋ ከብት ነው) ኩበት በየግድግዳው ተለጥፎ ይደርቃል። አክስቴ መስኮቱን ከፍታ "ይኼ እኮ የኛ አገር ነው" አለች።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ አክስቴ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን አትሽርም። ያ አገር የያክ ሥጋና የቅቤ ሻይ አገር ነው። አስጎብኚያችን አንዴ ብቻ አስረድተነው ነው የያዘው። ምሳ ቤት ወጥ ቤቱ ድረስ ገብቶ የምትበላው ኑድል በዘይትና በአትክልት ብቻ እንዲሠራ፣ መጥበሻውም እንዲታጠብ አደረገ። ከዚያ ከቦርሳው የራሱን ጻምፓ አወጣ። የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው። ለራሱ በቅቤ ሻይ፣ ለእሷ በቀጭን ሻይ አደረገው። ሳህኑን በግራ እጁ እያዞረ በቀኝ ጣቶቹ ጫን ጫን እያደረገ ሲለውሰው አክስቴ አላስጨረሰችውም። "ስጠኝ!" ብላ ተቀበለችውና ልክ እንደ በሶ ጨበጠችው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን። ከዚያ በኋላ ሁለቱን የሚለያቸው አልነበረም።

ሺጋትሴ ላይ ማታ አክስቴን ራሷን አመማት። እራትም አልበላ አላት። ኦክስጅን ሰጥቶ በጠዋት መኪና ውስጥ ማስገባት ለእሱ ቀላል ነበር፤ ፕሮግራሙም የሚለው እንደዚያ ነው። እሱ ግን "ራስ ምታቱ ሳይለቃት ከዚህ ወደ ላይ አንወጣም" አለ። ብታስል፣ ተቀምጣ ትንፋሽ ቢያጥራት ወይም ስትሄድ ብትንገዳገድ በየትኛውም ሰዓት እንድንቀሰቅሰው፣ ያኔ የምንሄደው ወደ ታች ወደ ሐኪም እንደሆነ ነገረን። ሌሊት ራሱ መጥቶ በር አንኳኳ። ድርጅቱ ጋ ደውሎ ሺጋትሴ ላይ አንድ ሌሊት አስጨመረ። ኤቨረስት ሥር ሮንግቡክ፣ 5,000 ሜትር አካባቢ ላይ ልናድር የነበረውንም ሰርዞ ዝቅ ብለን ቲንግሪ እንድናድር አደረገ። የተጨመረብን የአልጋው ሒሳብ ብቻ ነው።

በማግስቱ እሷ ስታርፍ እኛን ታሺሉንፖ ገዳም ወሰደን። እ.ኤ.አ. በ1447 የተመሠረተ ገዳም ነው፤ 26 ሜትር የሚደርስ የማይትሬያ ቡድሃ ሐውልት አለው። እዚያም ሆኖ ሆቴል እየደወለ ይጠይቅ ነበር። ማታ አክስቴ ሾርባዋን ጨረሰች፤ ራስ ምታቱም ለቀቃት።

ስለ ሾፌራችን ደግሞ ልናገር። ትንሽ የሚናገሩ፣ ጎልማሳ ሰው ናቸው። ጊያትሶ ላ የሚባለው የተራራ በር 5,248 ሜትር ነው፣ ከራስ ዳሽን በብዙ ይበልጣል። ፓንግ ላም ከ5,100 በላይ ነው፤ ቁልቁለቱ ጥምዝምዝ ብቻ ነው። አንድም ቦታ ሲቀድሙ ወይም ስልክ ሲነኩ አላየሁም። ጠዋት ጠዋት ጎማውን በእጃቸው እየዳሰሱ ያያሉ። መንገድ ላይ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ያለው የት እንደሆነ በቃላቸው ያውቁታል፤ ለአክስቴ ሲሉ ሳንጠይቃቸው ያቆማሉ። ከሴት ጋር የተጓዘ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

ፓንግ ላ አናት ላይ ማካሉ፣ ሎትሴ፣ ኤቨረስትና ቾ ኦዩ በተርታ ታዩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሮንግቡክ ላይ አየሩ በባሕር ጠርዝ ካለው ግማሽ ቢበልጥ ትንሽ ነው። የመጨረሻውን መንገድ የሚወስደው የአካባቢው አውቶቡስ ነው፤ ከእሱ ስንወርድ አስጎብኚያችን የአክስቴን ክንድ ያዘ። አሥር እርምጃ፣ ከዚያ ቆም። አሥር እርምጃ፣ ቆም። 8,848.86 ሜትሩ ተራራ ፊት ለፊቷ ቆመ። ነጠላዋን ካፖርቷ ላይ ጣል አድርጋ "የፈጠረው ይመስገን" አለች። ልጁንም ግንባሩን ስማ መረቀችው። እኔም ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለኝም።

ቻይና ለምትማሩ፣ ለምትሠሩና ለምትነግዱ፣ ከአገር ቤትም መምጣት ለምታስቡ፣ ያለ ጥርጥር ሂዱ የምለው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው። ላሳ ላይ ቀን አትሰስቱ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ቀድሞ ሐኪም ያማክር። አስጎብኚውን ስለ ፖለቲካ አታስጨንቁት፤ ለእናንተ ጨዋታ ነው፣ ለእሱ እንጀራው ነው። ምግብ ለየብቻ እንደሚከፈልና ጉርሻ በእጅ እንደሚሰጥም እወቁ።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አላወጣም። የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ከአስጎብኚው ጋር አገናኛችኋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ የካቲት አጋማሽና መጋቢት ለውጭ ዜጋ ፈቃድ አይሰጥም። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ መሄድ ያሰባችሁ ፓስፖርታችሁንና የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ፎቶ አንስታችሁ ከወዲሁ አዘጋጁ።