«2011 ሞዴል ነው» ሲሏችሁ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ

ደብረ ብርሃን፣ ሸኖ፣ ደብረ ሲናም ሆነ ሸዋ ሮቢት ተቀምጣችሁ ያገለገለ መርሴዲስ ሲ ክላስ ለመግዛት ገንዘብ እያሰባሰባችሁ ያላችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። በተለይ «አዲሱ ፊት ያለው ነው» ተብሎ የቀረበላችሁ ከሆነ ሳትጨርሱት አትነሱ። እኔ በዚህች አንድ ቃል ምክንያት 600,000 ብር ያህል ያለ አግባብ ከፍያለሁ። መኪናዋ አሁንም ግቢዬ ውስጥ ቆማለች።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከመኪናው ልጀምር። የመኪና ዓመት ስጠቅስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ። ይህች ልዩነት ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለችኝ በኋላ ታያላችሁ። በፋብሪካ ስሙ ደብሊው 204 የሚባለው ሲ ክላስ በ2007 ወጣ፣ በ2011 ታደሰ፣ እስከ 2014 ድረስ ተመረተ። በእድሳቱ የፊት መብራቱ፣ ፓራውልቱና ኮፈኑ ተቀየሩ፤ ክሩስኮቱ እንዳለ አዲስ ሆነ፤ በባለ አራት ሲሊንደሮቹ ላይ የነበረው ባለ 5 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ በባለ 7 ተተካ። ሞተሩም ቢሆን ከእድሳቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከኮምፕሬሶር (በሞተሩ ጉልበት ዞሮ አየር ከሚጨምቀው) ወደ ቱርቦ (በጭሱ ኃይል ከሚዞረው) ዞሯል። ስለዚህ የ2008ቷና የ2012ቷ መኪና ከሩቅ እህትማማች ቢመስሉም ዋጋቸው አንድ አይደለም፤ መሆንም የለበትም።

ከእነዚህ ለውጦች ሁሉ በቀላሉ የሚገለበጠው ፊቱ ብቻ ነው። መብራት፣ ፓራውልትና ኮፈን በብሎን ይፈታሉ፣ በብሎን ይታሰራሉ። ካምቢዮውንና ክሩስኮቱን መቀየር ግን የሚያዋጣ ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ ማንም አይነካቸውም። ገበያውም ለዚህ ሥራ አመቺ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በዕድሜ የገፉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት እንግዲህ ቀድመው የገቡት ናቸው፤ አሮጌውን አዲስ አስመስሎ ማቅረብም ጥሩ ገንዘብ ያስገኛል።

እኔ የገዛኋት ብርማ ቀለም ያላት ናት። የታኅሣሥ ብርድ ባልለቀቀበት አንድ ቅዳሜ ደላላው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ቀጠረኝ። ስደርስ መኪናዋ ታጥባ፣ ጎማዋ ተወልውሎ፣ ሞተሯ ተነሥቶ ጠበቀችኝ። የፊት መብራቶቿ ያ አዲሱ ዓይን ናቸው፤ ከሥራቸው የሚበራው ነጭ መስመር ያበራል። «ጋሼ፣ 2011 ናት፣ አዲሱ ፊት» አለኝ። ሻጩም ራሱን ነቀነቀ። ሊብሬውን ስጠይቅ ዋናው አዲስ አበባ እንዳለ ነገሩኝና ከስልክ ላይ አንድ ገጽ አሳዩኝ። ገጹ ላይ 2011 የሚል ቁጥር አየሁ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ሌላ ነገር አልፈለገም። ባለቤቴ «ዋናውን ሳናይ አንቸኩል» ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ሌላ ገዢ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው ስለተባልኩ እዚያው ቀብድ ከፈልኩ።

ውሉ በተፈረመበት ቀን ዋናው ሊብሬ መጣ። እኔ ያየሁት ስሙን፣ የሰሌዳ ቁጥሩንና የሻንሲ ቁጥሩን ነው፤ የተሠራችበትን ዘመን አላነበብኩም። ውሉ ላይ «አሁን ባለችበት ሁኔታ አይቼ፣ ፈትሼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል መስመር ነበረ። ሁሉም ውል ላይ የሚጻፍ ነው ብለውኝ ፈረምኩ።

እውነቱን ያወቅኩት በመኪና ቀበቶ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለቤቴ ውስጡን ስታጸዳ የኋላውን መቀመጫ ቀበቶ እስከ መጨረሻው ሳበችው። ከታች፣ ቀበቶው ወደ ወለሉ ከሚገባበት አጠገብ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ጨርቅ ተሰፍታበታለች። «ይህ ዓመተ ምሕረት ነው?» አለችኝ። 2008 ይላል። የሾፌሩን ሳብኩ፣ 2008። ከጎኑ ያለውንም ሳብኩ፣ ያው ነው። ይህን ጽሑፍ ያተመው የአውሮፓ ፋብሪካ ነውና በማን አቆጣጠር እንደሆነ የሚያጠያይቅ ነገር የለውም።

ወደ ሻጩ ደወልኩ። ድምፁ ሳይለወጥ፣ «2011 ያልኩህ አገር ውስጥ ገብታ የተመዘገበችበትን ነው፤ መቼ ዋሸሁህ?» አለኝ። ያ ስልክ ላይ ያየሁት ቁጥር በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የምዝገባ ዘመን ነበር። መኪናዋ በ2008 ተሠርታ፣ ውጭ አገር አሥር ዓመት ያህል ተነድታ፣ በ2011 ዓ.ም. አገራችን ገባች። መብራቷም ፓራውልቷም እዚሁ የተቀየሩ ናቸው። በየቀኑ በሁለት አቆጣጠር የምንኖር ሕዝብ ነን፤ ሳምንቱን ሙሉ ቀን እየቀያየርን እንውላለን፤ መኪና ስንገዛ ግን ይህ ወጥመድ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? ሻጩ አስቦበታል። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ቀበቶው ዓይኔን ከገለጠው በኋላ ሌላው ሁሉ ታየኝ። ታድሳ የወጣችው ሲ ክላስ ስክሪኗ ከሾፌሩ ጌጆች ጋር በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጦ የማይንቀሳቀስ ነው። የድሮዋ ስክሪን ግን ክሩስኮቱ አናት ላይ ካለ ክዳን ሥር ብቅ የሚል ነው። የእኔዋ ላይ ያ ክዳን እንዳይታይ የቻይና ትልቅ ስክሪን ተለጥፎበታል፤ ለቅንጦት የተጨመረልኝ መስሎኝ ተደስቼ ነበር። የኋላ ኮፈኑ ላይ ደግሞ «ሲ 200» ከሚለው ጽሑፍ ጎን ያለውን ቀለም ፀሐይ በጎን ስትመታው ተመልከቱ። «ኮምፕሬሶር» የሚለው ቃል ተልጦ ከተነሣ ቅርጹ እንደ ጥላ ቀርቶ ይታያል። የእኔዋ ላይ እያንዳንዱ ፊደል ይነበባል።

እናቴ ሸዋ ሮቢት ናት፤ ብርዱ ስለማይስማማት እኛ እንወርዳለን። ያንን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ደብረ ብርሃን ራሷ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፣ በጣሊያን ጊዜ የተሠራውን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ መውረድ ስለማያዋጣ ማርሽ መቀነስ አለ። ሮቢት ልንደርስ ስንል ሜዳው ላይ በጥሩ ፍጥነት እየሄድኩ ዘንጉን አንድ ጊዜ ወደ ግራ ነካሁት። ጌጁ ላይ «4» ተጻፈ። ባለ 7 ማርሽ ቢሆን ኖሮ ከመጨረሻው አንድ ሲቀነስ «6» ይል ነበር። እናንተም ስትሞክሩ ይህን አድርጉ። መብራት የቀየረ ሰው ካምቢዮ አልቀየረም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ዕድሜዋን መደበቃቸው ከዋጋው በላይ የሚጎዳው በዚህ በኩል ነው። የእኔዋ ላይ ያለው፣ ባለ 1.8 ሊትሩ ኤም 271 የሚባለው ሞተር ዕድሜው ሲገፋ በታወቀ ሁኔታ የሚያስቸግረው የታይሚንግ ሰንሰለቱ ነው፤ የቫልቩንና የፒስተኑን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ሰንሰለት ማለቴ ነው። ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ላይ ያሉት ጥርሶችም ይበላሉ። መኪናው ሌሊቱን ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት ሲነሣ ዘይቱ ወጥቶ ሰንሰለቱን የሚወጥረው ዕቃ ጋ እስኪደርስ ድረስ ሰንሰለቱ ላልቶ ይመታል። ድምፁ በቆርቆሮ ውስጥ ምስማር ጨምሮ እንደማንቀጫቀጭ ነው፤ ሦስት፣ አራት ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል። ሰንሰለቱ ጥርስ ከዘለለ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ ሞተሩ አለቀለት ማለት ነው።

ደላላው ለምን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እንደቀጠረኝና ሞተሩ ተነሥቶ እንደጠበቀኝ አሁን ይገባችኋል። የሞቀ ሞተር ይህን ድምፅ አያሰማም። የደብረ ብርሃን ውርጭ ግን አይደብቅም፤ ከገዛሁ በኋላ በመጀመሪያው ማለዳ ሰማሁት። ጎማው ሥር የተያዘ ድንጋይ መስሎኝ ወርጄ ጎንበስ ብዬ ፈለግኩ። መካኒኩ የቫልቭ ክዳኑን ከፍቶ ጥርሶቹን በጣቱ ሲያስነካኝ ጫፋቸው እንደ ሻርክ ክንፍ ወደ አንድ ጎን ሾሏል። ሰንሰለቱንና ጥርሶቹን ለማስቀየር ከ200,000 ብር በላይ ተጠየቅኩ። መካኒኩ ሰንሰለቱ እስኪቀየር ድረስ እንዳላስነሣት ስላስጠነቀቀኝ ነው ቆማ የቀረችው። በመኪናዋ አላዝንም። የተሠራችው በ2008 ነው፤ ሰንሰለት ያልቃል። እውነቱ ተነግሮኝ በዋጋዋ ብገዛት ኖሮ ለጥገናው ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር።

ስለዚህ እንደ እኔ እንዳትሆኑ ሻጩን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቅጠሩት። «ቁልፉን እኔ ሳልመጣ እንዳትነኩት» በሉት። ስትደርሱ ከሁሉ በፊት መዳፋችሁን ኮፈኑ ላይ አኑሩ፤ ከሞቀ ሌላ ቀን ተቀጣጥራችሁ ተመለሱ። ራሳችሁ አስነሡት፤ ሬዲዮው ይጥፋ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ማንም አያውራ። ሁለተኛውን ቁልፍም ጠይቁና ሁለቱንም እየከተታችሁ ሞክሩ። በዚህ ሞዴል የመሪው ኤሌክትሪክ መቆለፊያ ሲሞት ቁልፉ ይገባል፣ ግን አይዞርም፤ ጌጁ ላይ አንድም መብራት አይበራም። ያን ጊዜ መኪናው ባለበት ይቀራል፣ ማስተካከያውም በኮምፒውተር የሚሠራ ስለሆነ በየጋራዡ አይገኝም። ቁልፉ አንዳንዴ እያንገራገረ የሚይዝ ከሆነ ተዉት።

ቆጣሪውን አትመኑ፤ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳና የሾፌሩን መቀመጫ ጠርዝ እዩ። ለመርሴዲስ የተዘጋጀ የመመርመሪያ ኮምፒውተር ያለው ሰው ካገኛችሁ የቆዩ ብልሽቶች ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደተመዘገቡ ያሳያችኋል፤ ቆጣሪው 110,000 እያለ ብልሽቱ 200,000 ላይ ተመዝግቦ ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ።

ወረቀቱን በሚመለከት ዋናውን ሊብሬ ሳታዩ ቀብድ አትስጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 እንደሚለው ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሻጮች ቀብድ ለመቀበል የሚቸኩሉት ስለዚህ ነው። አሥራ ሰባት አሃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከመስተዋቱ ሥር፣ ከበሩ ምሰሶና ከሊብሬው ላይ አንድ በአንድ አስተያዩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለባትም ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አጣሩ። ውሉ ላይ ደግሞ «በአውሮፓውያን አቆጣጠር በዚህ ዓመት የተመረተች፣ ከፋብሪካ ስትወጣ እድሳቱ የነበራት» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ። እውነተኛ ሻጭ ይህን ለመጻፍ አይከብደውም። ለእኔ የሸጠልኝ ሰው ቢጠየቅ እምቢ ይል እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ እኔም ያኔ እተርፍ ነበር።

ይህ የሲ ክላስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቢኤምደብሊው 3 በ2005 የወጣው ሞዴል በ2008 ታድሷል፤ አውዲ ኤ 4ም በዚያው ዓይነት መሐል ላይ ፊቱ ተቀይሯል። የአውዲው ባለ 2 ሊትር ቤንዚን ሞተር ከእድሳቱ በፊት ዘይት በመብላት ይታወቃል፤ በዚያ ዘመን የነበረው የቢኤምደብሊው ባለ 2 ሊትር ናፍጣ ደግሞ ሰንሰለቱ ከሞተሩ ጀርባ፣ በካምቢዮው በኩል ስለሆነ እሱን ለመቀየር ሞተሩን ማውረድ ይጠይቃል።

ባለፈው ሳምንት እኔ ከገዛሁበት ቦታ ሳልርቅ አንዲት ነጭ ሲ ክላስ ቆማ አየሁ። የፊት መብራቷ ያው አዲሱ ዓይን ነው፣ ክሩስኮቷ ላይ ያው የቻይና ስክሪን ተለጥፏል። ዋጋዋን ስጠይቅ አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ «2011 ናት፣ ጋሼ» አለኝ። እሷንም ሆነ ሌላዋን ለማየት የምትሄዱ ሁሉ ልትጽፉልኝ ትችላላችሁ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሆነ ከጠዋቱ 12 ሰዓት አብሬያችሁ እመጣለሁ፤ ቀበቶውንም እኔ እስባለሁ።