በቸርችል ጎዳና ክራር ለመግዛት ለምታስቡ ጀማሪዎች

በመስከረም ወር ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ቆይቼ ተመልሻለሁ። ስታዲየም አካባቢ ያረፍኩበት ሆቴል ንጹሕና ጸጥ ያለ ነበር፤ በስልክ የምጠራቸው ታክሲዎችም ዝናብ ከሚጥልባቸው ሰዓታት በስተቀር አላስቸገሩኝም። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከፖስታ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወስደው ዳገት ላይ ከተደረደሩት የባህል ዕቃ መደብሮች በአንዱ የገጠመኝ መስተንግዶ ነው።

ክራር መማር ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው፤ የምለማመደው በተውሶ ክራር ስለነበር የራሴን ከአገር ቤት ይዤ ለመመለስ ቆርጬ ነበር። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ገብተን ጀማሪ መሆኔን ስናገር ሻጩ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ለማን ነው?» ሲል ወንድሜን ጠየቀው። ለእኔ እንደሆነ ሲሰማ በዛጎልና በመስታወት ያጌጠች አንዲት ትንሽ ክራር ከግድግዳው አውርዶ «ለሴት ይቺ ትቀላለች» አለና ወደ ስልኩ አቀረቀረ። ቆዳዋ በደንብ የተወጠረ፣ መቃኛዎቿም ቅኝት የሚይዙ መሆናቸውን ብጠይቀው «ትሠራለች» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም፤ ቃኝተህ አሰማኝ ስለው ደግሞ «እኛ እንሸጣለን እንጂ አንጫወትም» አለኝ።

ነገሩ ለእኔ አዲስ አልነበረም። በምኖርበት በቨርጂንያ የሽጉጥ ተኩስ ልማር ብዬ መጀመሪያ የገባሁበት የጦር መሣሪያ መደብር ሻጭም ባለቤቴን እያነጋገረ ለእኔ በእጅ ቦርሳ የምትገባ ትንሽ ሽጉጥ ነበር የዘረጋልኝ። ሽጉጥ በቀለለ መጠን ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ምት እንደሚበረታ የተረዳሁት ጥይት መለማመጃው ላይ እጄን ካመመኝ በኋላ ነው። በሌላ መደብር ያገኘኋት ሴት ግን ማንኛውንም መሣሪያ ጥይት እንደጎረሰ እንድቆጥር፣ ኢላማዬን እስካነጣጥርም ጣቴን ከቃታው እንዳርቅ በትዕግሥት ካስረዳችኝ በኋላ ከበድ ባለ ባለ 22 ካሊበር ሽጉጥ አስጀመረችኝ። ይህን ሁሉ አውቄ ትንሿን ክራር መግዛቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ምክንያቴም በአባታችን ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅላ የነበረችውን ስለመሰለችኝ ብቻ ነው።

14,000 ብር ተብዬ በ12,000 ተስማማን። ደረሰኝ ስጠይቅ «ከፈለግሽ 15 በመቶ ይጨመራል» ስላለኝ ተውኩት፤ ትልቁ ስሕተቴ ይኸው ነበር። ገንዘቡን እየቆጠረ ሳለ የገባ አንድ ወጣት የእኔኑ ክራር አምሳያ ዋጋ ሲጠይቅ 6,500 ብር እንደሆነ በጆሮዬ ሰማሁ። ሆቴል ገብቼ በትዝታ ልቃኛት ብሞክር ስድስተኛውን ክር ሳልጨርስ የመጀመሪያው ይላላል፤ አንዱን ሳጠብቅ ሌላው ይከዳኛል፤ እንዲህ ስታገል አመሸሁ። በማግሥቱ ይዣት ስመለስ ሻጩ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት በጣቱ አሳየኝ፤ ስከራከረው ደግሞ «ከእኛ ለመግዛትሽ ምን ማስረጃ አለሽ?» አለኝ። ወንድሜ ባይዘኝ ኖሮ እዚያው አለቅስ ነበር።

ኋላ ወንድሜ የሚያውቀው አንድ ክራር ተጫዋች ወደ አንድ ሠሪ ወሰደን። እኚህ አባት አንድም ጌጥ የሌለባት ክራር አንሥተው ቆዳዋን በጣታቸው መገጣጠሚያ መታ መታ እያደረጉ ካዳመጡ በኋላ ቃኝተው አስቀመጧት፤ «ልጄ፣ አዲስ ክር ይለጠጣል፤ ነገ መጥተሽ ቅኝቷን ስታ ካገኘሻት አትግዢያት» አሉኝ። በማግሥቱ አንዱ ክር ብቻ ጥቂት ዝቅ ብሎ አገኘነው፤ 7,000 ብር ከፈልኩ፤ ደረሰኙንም ሳልጠይቅ ጻፉልኝ። እናንተም ክራር የሚጫወት ሰው ሳትይዙ፣ ተቃኝቶም ሳትሰሙ ገንዘብ አታውጡ።

ትንሿ ክራር ወንድሜ ሳሎን ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅላለች።