ነፋስን ከኋላ አድርጎ በጣና ለመቅዘፍ፦ ከጎንደር የሚነሣ ገዢ ማሰሪያውን፣ ሰደርያውንና ሰሌዳውን እንዴት ይምረጥ?

በመቅዘፊያ ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ነፋሱን በጀርባ ተቀብሎና ሞገዱን እየተከተሉ ረጅም ርቀት መጓዝ «ዳውንዊንድ» በሚል ስም ይታወቃል። ስፖርቱ ስም ካገኘባቸው ስፍራዎች መካከል በሃዋይ የማዊ ደሴት ከማሊኮ እስከ ካሁሉዊ ወደብ ያለው የባሕር መስመርና በአሜሪካ በሁድ ሪቨር ከተማ አጠገብ የሚያልፈው የኮሎምቢያ ወንዝ ይገኙበታል፤ በገበያ ላይ ያለው ዕቃም በአብዛኛው ለእንዲህ ዓይነት ውኃዎች ታስቦ የተሠራ ነው። ይህ ንጽጽር ግን ከጎንደር ተነሥቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ከተጓዘ በኋላ በጎርጎራ ወደ ጣና ለሚገባ ቀዛፊ የተጻፈ ስለሆነ፣ ለማዊ የሚበጀው ሁሉ ለእኛ ይበጃል ብሎ አይነሣም።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም የማያልፍ ሐይቅ ነው። ከጎርጎራ እስከ ደቅ ደሴት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ ስላለ ነፋሱ ሞገድ የሚያነሣበት ሰፊ ሜዳ አለው፤ የሚያነሣው ሞገድ ግን እንደ ውቅያኖሱ ረጅምና ዝግ ያለ ሳይሆን አጭር፣ ቀጥ ያለና እርስ በርሱ የተቀራረበ ነው። በሌላ በኩል ቀን የብሱ ከውኃው ይልቅ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ የመንፈስ ዝንባሌ ሲኖረው፣ ሌሊትና ማለዳ ደግሞ ከየብስ ወደ ሐይቁ የመንፈስ ዝንባሌ አለው። ጎርጎራ በሰሜን ዳርቻ እንደመሆኗ፣ የከሰዓቱ ነፋስ ቀዛፊውን ወደ ወደቧ ሲመልስ የማለዳው ነፋስ ወደ ውስጥ ሊወስደው ይችላል። በክረምት ከነጎድጓድ ጋር የሚመጣው ነፋስ ይህን ሥርዓት ስለማይጠብቅ፣ የትኛውም ዕቃ ቢገዛ በዚያ ጊዜ ከውኃው መራቅ ግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ምርጫችንን የሚወስነው እምቦጭ ነው። የሰሜንና የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ሰው እንደሚያውቀው፣ ይህ አረም ተንሳፋፊ ስለሆነ ነፋስ ወደ ገፋው ይሄዳል። ነፋስን ከኋላ አድርጎ የሚቀዝፍ ሰውም እንዲሁ ነፋሱ ወደ ገፋበት ዳርቻ ነው የሚደርሰው። እንግዲህ ያው አንድ ነፋስ ቀዛፊውንና አረሙን ወደ አንድ ስፍራ ሰብስቦ ያገናኛቸዋል ማለት ነው። የውጭ አገር የግዢ ምክሮች ስለ መነሻውና ስለ መካከሉ ብዙ ይናገራሉ፤ በእኛ ሐይቅ ግን የመውረጃው ስፍራ የዚያኑ ያህል አደገኛ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉትን ዕቃዎች ሁሉ የመዘንኩት በዚህ ዓይን ነው።

ማሰሪያው፦ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገዛ

ብዙ ገዢዎች ገንዘባቸውን በሰሌዳው ላይ ጨርሰው፣ በማሰሪያው በኩል፣ ማለትም ቀዛፊውን ከሰሌዳው ጋር በሚያያይዘው ገመድ፣ ከሳጥኑ ውስጥ በወጣው ይረካሉ። እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ አድርጌ ነበር። አንድ ማለዳ በጎርጎራ ዳርቻ፣ ውኃው ጸጥ ብሏል ብዬ ማሰሪያውን ሳላስር ገብቼ፣ ከሰሌዳው በወደቅሁበት ቅጽበት ከየብስ የተነሣ ቀላል ነፋስ ሰሌዳውን ወደ ሐይቁ ውስጥ ሲገፋው አየሁ። በሙሉ ኃይሌ ብዋኝም በእኔና በሰሌዳው መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ ሄደ እንጂ አልጠበበም። መልሶ ያመጣልኝ በደንገል ታንኳ ላይ የነበረ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እርሱ በዚያ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። በአየር የሚሞላ ሰሌዳ ቀላልና ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ከላዩ ከወረደ በኋላ ለነፋሱ እንደ ቅጠል ነው፤ ጎበዝ ዋናተኛም አይደርስበትም።

በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ማሰሪያ አለ። ቀጥ ያለው ገመድ በቁርጭምጭሚት ወይም በባት ላይ ይታሰራል፤ ሰው በሚወድቅበት ጊዜ ሰሌዳውን እንደ ጸደይ መልሶ ስለማይወረውር ሞገድ በሚሰበርበት ባሕር ይመረጣል፣ ነገር ግን በውኃው ውስጥ እየተጎተተ ስለሚከተል ያገኘውን አረም ሁሉ ይሰበስባል። ጥቅልሉ ገመድ እንደ ድሮ የስልክ ሽቦ ተጠምዝዞ በሰሌዳው ላይ ስለሚያርፍ አይጎተትም፤ በጸጥታ ውኃ ለሚቀዝፍም ይበቃል። ሆኖም በቁርጭምጭሚት ላይ የታሰረ ጥቅልል፣ እግር በእምቦጭ ሥር ወይም በዓሣ አጥማጅ መረብ ከተያዘ፣ ጎንበስ ብሎ ለመፍታት የማይመች ቦታ ላይ ነው፤ ሰሌዳው በነፋስ እየተጎተተ ገመዱን ሲወጥረው ደግሞ እግርን ለመድረስ የሚደረገው ትግል ቀዛፊውን ወደ ውኃው ውስጥ ይስበዋል።

ሦስተኛው በወገብ ላይ በቀበቶ የሚታሰርና ኳሷን ወይም እጀታዋን ሲስቡት በአንድ ጊዜ የሚለቅ ማሰሪያ ሲሆን፣ ከመጀመሪያ የተሠራው በወንዝ ላይ ገመድ በግንድና በድንጋይ ሲያዝ ቀዛፊው እንዳይሰጥም ነው። ከጥቅልል ገመድ ጋር ተጣምሮ ሲመጣ፣ ለጎርጎራ ያለ ምንም ማመንታት የምመርጠው ይህን ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ግን ለሕይወት የሚከፈል ነው። የሚገዛው ሰው ሦስት ነገሮችን በመደብሩ ውስጥ ወይም ዕቃው እንደደረሰው ይፈትሽ፦ መልቀቂያው በቀኝም በግራም እጅ ይደረሳል ወይ፤ ሰደርያው ከላይ ሲለበስ መልቀቂያው ይሸፈናል ወይ፤ ገመዱ በኃይል ተወጥሮ ሳለም ይለቃል ወይ። በተለይ ሦስተኛው የሚዘነጋ ነው፤ በላላ ገመድ ላይ በቀላሉ የሚለቅ ቀበቶ ሁሉ በተወጠረው ላይ አይለቅምና። ከተገዛ በኋላም መልቀቂያው የሚሳበው ገመዱ በአንዳች ነገር ተይዞ ሰውየውን ሲያስቀረው ብቻ እንጂ፣ በሰፊው ውኃ ላይ ሰሌዳን ለመተው እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ተንሳፋፊ ሰደርያው

በሰደርያው ላይ የሚጻፈው 50፣ 100 ወይም 150 ኒውተን የሚለው ቁጥር ወደ ላይ የሚያነሣውን ኃይል ያመለክታል። የ50ው በዓለም አቀፉ የአይ.ኤስ.ኦ 12402 ደረጃ ለሚዋኝና ርዳታ በአቅራቢያው ላለው ሰው የተመደበ ነው። እጅን አያግድም፣ ሰሌዳው ላይ በደረት ተስቦ ለመውጣትም አያስቸግርም፤ ነገር ግን ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ አይገለብጥም። የ100ውና የ150ው ለመገልበጥ ጭምር የታሰቡ ናቸው፤ ሆኖም አረፋ በውስጣቸው የታጨቀባቸው ዓይነቶች በደረት በኩል ስለሚያብጡ፣ የወደቀ ቀዛፊ ወደ ሰሌዳው ለመመለስ ሲሞክር ይከለክሉታል። በጀልባ ለሚጓዙ መንገደኞች የሚሰጠው ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ተቀምጦ ርዳታ ለሚጠብቅ ሰው መልካም ነው፤ አሥር ጊዜ ወድቆ አሥር ጊዜ ለሚነሣ ቀዛፊ ግን አይስማማም።

በወገብ ላይ እንደ ትንሽ ቦርሳ የሚታሰረውና ገመዱ ሲሳብ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚነፋው ዓይነት ቀላል ስለሆነ ገዢን ይማርካል። እኔ ለዚህ ሐይቅ አልመክረውም። በመጀመሪያ፣ የሚያነሣው ከተሳበ በኋላ ብቻ ነው፤ ጭንቅላቱ የተመታ ወይም በድንጋጤ የተዋጠ ሰው ላይስበው ይችላል። ሁለተኛ፣ ከአንድ አገልግሎት በኋላ አዲስ የጋዝ ጠርሙስ ይፈልጋል፤ ይህን ከውጭ በአውሮፕላን ማምጣት የአየር መንገዱን ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ ጠርሙስ ያለቀበት ቀበቶ በጎንደር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ሦስተኛ፣ የሚለቀው ማሰሪያም የሚታሰረው በዚያው ወገብ ላይ ስለሆነ፣ በችግር ሰዓት ሁለት የሚሳቡ ነገሮች ጎን ለጎን መኖራቸው እጅን ያሳስታል።

ስለዚህ በደንብ ለሚዋኝና ከጓደኛ ጋር ለሚወጣ ሰው የ50ው ሰደርያ ይሻላል። ሲለበስ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ መሳብ፣ ወደ አገጭ የሚወጣ ከሆነም በአነስተኛ ቁጥር መለወጥ ይገባል። መዋኘት የማይችል ሰው ግን የ150ውን ቢገዛም በብርቱ ነፋስ ወደ ሐይቁ መግባት የለበትም፤ ይህን ጉድለት የሚሞላ ዕቃ አይሸጥም።

ሰሌዳው፦ በአየር የሚሞላው፣ ጠጣሩና ባለ ፎይሉ

ለዳውንዊንድ የታወቀው ጠጣር ሰሌዳ 14 ጫማ፣ ማለትም 4.27 ሜትር ርዝመትና ከ61 እስከ 71 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። በካርቦንና በፋይበር ስለተሸፈነ አይታጠፍም፣ ሞገዱን ሲይዝ ይንሸራተታል፣ ከጎን ለሚመጣ ነፋስም ብዙ አካል አያጋልጥም። ከሁሉ የሚበልጠው ብልጫው ግን ከፍጥነቱ ጋር አይያያዝም፤ ቢሰነጠቅ እንኳ ውስጡ ያለው ፎም ውኃ እየጠጣ መንሳፈፉን ይቀጥላል። በአየር የሚሞላው በአብዛኛው አንድ ክፍል ብቻ ስላለው፣ የአየር መክፈቻው ቢላላ ወይም ስፌቱ ቢከፈት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ይህን አሳንሶ ማየት አይገባም፤ ሰደርያውን ከሰሌዳው ያስቀደምኩትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ከጎንደር ሆኖ ለሚመርጥ ሰው ሚዛኑ በአየር ወደሚሞላው ያጋድላል። 4.27 ሜትር የሚረዝም ሰሌዳ እንደ ተራ ሻንጣ በአውሮፕላን አይመጣም፤ ከመጣም በኋላ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ በየጉዞው መንገላታቱ አይቀርም። በአየር የሚሞላው ግን ተጠቅልሎ ከፓምፑ ጋር በጀርባ ቦርሳ ይገባል፤ በከሰዓቱ ነፋስ ለመመለስ አስቀድሞ በሞተር ጀልባ ወደ ሐይቁ ውስጥ መግባት ስለሚያስፈልግም በጀልባው ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ከሁሉም በላይ የጣና አጭር ሞገድ የ14 ጫማውን ሰሌዳ ጥቅም ይቀንሰዋል፤ ረጅሙ አፍንጫ ከአንዱ ሞገድ ወርዶ ሳይጨርስ በፊት ለፊቱ ባለው ሞገድ ጀርባ ላይ ይሰካልና። 12 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ማለትም 3.81 ሜትር የሆነ፣ ስፋቱ 76 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነና አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ያለ በአየር የሚሞላ ሰሌዳ ለዚህ ውኃ ይስማማል። ለጀማሪ በብዛት የሚሸጠው 10 ጫማ ከ6 ኢንች የሆነው አጭርና ሰፊ ሰሌዳ ለመዝናኛ ጥሩ ቢሆንም፣ በነፋስ ውስጥ አቅጣጫውን አይጠብቅም።

ጥንካሬው የሚመጣው ከግፊቱ ስለሆነ 15 ፒ.ኤስ.አይ የሚችል መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ባለ አገር ከሚያስፈልገው ይልቅ ከመቶ አሥር ያህል የሚበልጥ የፓምፕ ምት ይፈልጋል፤ ባለ ሁለት አቅጣጫ፣ ማለትም ሲገፋም ሲሳብም የሚነፋ ፓምፕ መግዛቱ ድካምን ይቀንሳል። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በመኪና ጎማ ኮምፕሬሰር ማስሞላት የሚያጓጓ ቢሆንም፣ መለኪያ ሳይታይ ግፊቱ ሊያልፍ ስለሚችል አልመክርም። የተቀደደውንም በካላማዳርያ ማስቲሽ መለጠፍ አይሆንም፤ ሰሌዳው ከፒ.ቪ.ሲ የተሠራ ስለሆነ ለፒ.ቪ.ሲ የተዘጋጀ ማጣበቂያ አብሮ መገዛት አለበት። በፀሐይ የተነፋ ሰሌዳ ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ሲገባ ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ ጥቂት ደቂቃ ውኃው ላይ ካሳረፉት በኋላ ደግሞ መለካት ይጠቅማል።

ባለ ፎይሉ ሰሌዳ ዛሬ በውጭ አገር ብዙ ይወራለታል። ከሥሩ ረጅም ምሰሶና ክንፍ ስላለው ከውኃው በላይ ተነሥቶ ይበርራል። እምቦጭና ደንገል ባለበት፣ ዳርቻውም ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ግን ምሰሶው የመጀመሪያውን አረም ሲይዝ ቀዛፊውን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ ስለዚህ ከንጽጽሩ አወጣዋለሁ። በተራው ሰሌዳ ሥር ያለውም ክንፍ ቢሆን ቀጥ ብሎ የቆመው አረም ስለሚሰበስብ፣ ወደ ኋላ ያጋደለውን መምረጥ ይገባል፤ ለየብቻ የሚሸጥና ርካሽ ስለሆነ ከሰሌዳው ጋር የመጣውን ለመለወጥ መሰሰት አያስፈልግም።

መቅዘፊያው ቢወድቅ የሚንሳፈፍ፣ ቁመቱም ከቀዛፊው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ይሁን፤ ካርቦኑ ቀላል ነው፣ አሉሚኒየሙ ርካሽ ነው፣ ግን መገጣጠሚያው ውኃ እንዳያስገባ በገንዳ ውስጥ ይፈተን።

ገዢው የካርቦን መቅዘፊያ ልግዛ ወይስ ገንዘቡን ላቆይ ብሎ የሚያመነታ ከሆነ፣ አሉሚኒየሙን ገዝቶ በተረፈው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች የሚከተል ባለ ሞተር ጀልባ ቢከራይ ይሻለዋል። ባለ ጀልባው እምቦጩ በዚያ ሳምንት የት እንደተከማቸ ያውቃል፤ የሚወረድበትን ክፍት ዳርቻና ሰዓቱን ከእርሱ ጋር ተስማምቶ መነሣት፣ ነጭ አረፋ በሐይቁ ላይ በብዛት ሲታይ፣ ማለትም ነፋሱ በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ሲደርስ፣ የመጀመሪያውን ሙከራ እዚያ ላይ ማቆም ይገባል።