ሎሚዬን ላስጣለችኝ ባለሙያ

ሎሚ፣ ሁለት ፌስታልና የማቅለሽለሽ ኪኒን ሳልይዝ አገር አቋራጭ አውቶብስ ተሳፍሬ አላውቅም ነበር። መንገድ የሚያዞረኝ ሰው እንኳ አይደለሁም። ካስመለሰኝ አሥር ዓመት አልፎኛል። የምፈራው ማስመለስን ራሱን ነው፤ የእኔንም፣ የሰውንም። ክትፎ የማልቀምሰው፣ ወተት ሦስቴ የማሸተው፣ ጸበል ቦታ የማልሄደው፣ የእህቴ ልጅ ሆዱን ሲያመው ከቤት የምጠፋው ለዚህ ነበር።

ጓደኛዬ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠቆመችኝ። (እናቴ አማኑኤል የምገባ መስሏት ደንግጣ ነበር።) ባለሙያዋ ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጽፍም።

መጀመሪያ ፍርሃቴን ከ0 እስከ 10 ነጥብ አሰጠችኝ። «ትውከት» የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ ማንበብ 3። ሥዕል ማየት 4። ድምፁን መስማት 7። ከታች ጀምረን ወጣን። ማስመለስ ግን አያስፈልግሽም አለችኝ፤ ያን ሰምቼ ነው የቆየሁት እንጂ እጠፋ ነበር።

አንድ ቀን በሶ ይዛ ጠበቀችኝ። በጠበጠችው፣ የተከተፈ ካሮት ጨመረችበት፣ አቼቶ ጠብ አደረገችበትና ፌስታል ውስጥ ገለበጠችው። «ያዢው»። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ወደላይ አለኝ፣ አለቀስኩ። 9 ነበር። «አይዞሽ» እንኳ አላለችኝም። «አሁንስ ስንት ነው?» ብቻ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 4 ገባ። ፌስታሉን እንደታቀፍኩ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወራን ነበር።

«አይዞሽ» የማትለው አውቃ ነው። ሎሚው፣ ኪኒኑ፣ «አያስመልሰኝም አይደል?» እያልኩ ሰው ማድረቄ ለጊዜው ያረጋጉኛል እንጂ ፍርሃቴን የሚቀልቡት እነሱ ነበሩ። አንድ በአንድ አስጣለችኝ። ሎሚው መጨረሻ ነበር፤ የከበደኝም እሱ።

እንደኔ የሆናችሁ፣ ባለሙያ ስትመርጡ «ደረጃ በደረጃ ማለማመድ ትሠራላችሁ?» ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከእሷ በፊት ሌላ ቦታ ስለ ልጅነቴ ብቻ አውርቼ ብር ጨርሻለሁ። እሷ የቤት ሥራ ትሰጣለች፣ ካልሠራችሁ ደግሞ ትቆጣለች። እግዜር ይስጥልኝ እህቴ።

በቀደም አክስቴን ልጠይቅ ጅማ ሄድኩ፣ ባዶ እጄን። የጊቤን ቁልቁለት ስንጀምር ከኋላዬ አንድ ሕፃን አስመለሰ። ልቤ ድው ድው አለ። ረዳቱ ፌስታል ሲያቀብል ተቀብዬ ለእናትየው ሰጠኋት። ከዚያ መስኮት ከፈትኩ፤ ሽታው ሽታ ነዋ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት አባት «ንፋስ ይመታናል» ብለው መልሰው ዘጉት።