በአባባ ግራ እጅ ተስፋ ላልቆረጠው ሰው፦ ከሐዋሳ የቀረበ ምስጋና

ሰላም የሐዋሳ ሰዎች። ቤታችሁ ውስጥ ስትሮክ የመታው ሰው ካለ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ መረብ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አሣ አስጋሪዎቹ ጠዋት ጥለውላቸው የሚሄዱትን የተበጣጠሰ መረብ አንዱን ጫፍ በእግር ጣታቸው ወጥረው፣ በግራ እጃቸው ከፍተው ይዘው፣ በቀኝ እየቋጠሩ ማታ ደህና አድርገው ያስረክቡ ነበር። ጥቅምት ላይ አንድ ማለዳ ግራ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አለ። «ደህና ነኝ» ብለው የግፊት መድኃኒታቸውን ካቋረጡ ሦስት ወር እንደሆናቸው ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ እግራቸው ቀስ በቀስ መራመድ ጀመረ፤ እጃቸው ግን ጭብጥ እንዳለ ቀረ። መጀመሪያ የወሰድናቸው ቦታ «በጊዜው ይለቃል፣ ቤት ሆነው ይጠብቁ» ብሎ መለሰን። ሁለት ወር ጠበቅን። ያ ሁለት ወር ዛሬም ያንገበግበኛል። በመሃል ጎረቤት በቅን ልቦና ወጌሻ አምጥቶ ትከሻቸውን አስጎተተ፤ ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ሌሊት አላስተኛ አላቸው።

ጥር ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «በቪአር መነጽር የሚያሠራ ፊዚዮቴራፒስት አለ» አለችኝ፤ ዓይን ላይ ተደርጎ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም የሚያሳይ መነጽር ነው። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት መነጽሩን ብዬ ነው። እርሱ ግን የመጀመሪያ ቀን መነጽሩን ከካርቶኑ እንኳ አላወጣውም። ግፊታቸውን ለካ፣ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው፣ ዞር ሲሉ ያጥወለውላቸው እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ ጣቴን ይዞ ከአባባ ትከሻ አጥንት ሥር ያለውን ክፍተት አስነካኝ። ጣቴ ገባ ያለበት ስርጉድ ነበር። የክንዱን ክብደት የሚሸከመው ጡንቻ ሲደክም መጋጠሚያው ወደ ታች እንደሚወርድ አስረዳኝና «ከዛሬ ጀምሮ ይህን እጅ ማንም እንዳይጎትተው፤ ስታስነሷቸውም በብብታቸው አንጠልጥላችሁ አይሁን» አለኝ። ከሆስፒታል ከወጣን ጀምሮ ይህን የነገረን አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን መነጽሩን በአልኮል ጠርጎ አደረገላቸው፤ አምስት ደቂቃ ብቻ። ሜታ ክዌስት 2 የሚባለው ነው። ዓይንን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ መነጽሩ ላይ ያሉት ትንንሽ ካሜራዎች የጭንቅላትንና የእጅን እንቅስቃሴ ይከተላሉ፤ ሰውየው ዞር ሲል ውስጡ ያለው ዓለም አብሮ ይዞራል። በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ጠፋ ተብሎ ቀጠሮ አይታጠፍም። አባባ ያዩት የነበረው ፍሬ ያንዠረገገ ዛፍ ነው፤ እኛም በስልኩ ላይ አብረን እናያለን። እጅን ዘርግቶ ፍሬውን መንካት፣ ከዚያ ቅርጫት ላይ ማድረስ ነው ሥራው። እርሱ ፍሬውን በግራ በኩል፣ ዝቅ አድርጎ ያስቀምጥና በየቀጠሮው ጥቂት ጥቂት ያርቀዋል።

አንድ ችግር ነበር። ጭብጥ ያለ እጅን ካሜራው አይለይም፣ ቶሎ ቶሎ ይጠፋበታል። ፊዚዮቴራፒስቱ ምን አደረገ? ከመነጽሩ ጋር የሚሠራውን፣ በእጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ በአባባ መዳፍ ውስጥ አስገብቶ በፋሻ ጠመጠመላቸው። ሲጠመጥም ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ፣ ከአውራ ጣት ጀምሮ፣ እየጠበቀ ነበር የሚከፍተው። «አያመዎትም አባቴ?» እያለ። እኔ ልጃቸው እንኳ ያን ያህል ትዕግሥት አልነበረኝም።

መቼም «ጨዋታ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። እኔም ጠይቄዋለሁ። የመለሰልኝ በቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሰሜን አሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ስትሮክ ያገኛቸው ሰዎች በአንድ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ እጃቸውን ለተግባር ሥራ የሚያንቀሳቅሱት በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። አንጎል አዲስ መንገድ እንዲያበጅ ደግሞ ብዙ መደጋገም ይፈልጋል። «አባትህን ባዶ አየር ላይ እጅዎን ዘርጉ ብላቸው በ20ኛው ይሰለቻሉ፤ ዛፉ ሲኖር ግን አይቆጥሩም፣ የምቆጥረው እኔ ነኝ» አለኝ። ይቆጥራልም። መጋቢት ላይ አንድ ቀን ደብተሩን አሳየኝ፦ 240።

ደስ ያለኝ ደግሞ መነጽሩን አለማጋነኑ ነው። ተበድሬ አንድ ልግዛላቸው ስለው ከለከለኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት 72 ጥናቶችን፣ 2,470 ታካሚዎችን አንድ ላይ አይቶ ነበር፤ ቪአር የተለመደውን የእጅ ሕክምና ተክቶ ሲሰጥ ብልጫ አላሳየም፣ በላዩ ተጨምሮ የልምምዱን ጊዜ ሲያበዛ ግን ጥቅም አለው። ስለዚህ ከቀጠሮው ግማሹ መነጽር፣ ግማሹ የልብስ መቆንጠጫ፣ ባቄላ መልቀም፣ ፎጣ ማጠፍ ነው። ሊሸጥልኝ የሚችለውን ነገር አትግዛ ያለኝ ሰው ነው።

አንዴ ግፊታቸው ከፍ ብሎ አገኘውና ምንም ሳያሠራ፣ ሳያስከፍልም፣ ሐኪማቸው ዘንድ እንድንሄድ ላከን። ያን ቀን በጣም ተናድጄ ነበር፤ ከሥራ አስፈቅጄ፣ ባጃጅ ተኮናትሬ መጥቼ። ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ልክ ነበርክ።

አሁን አምስተኛ ወራችን ነው። ጣቶቻቸው ሁሉ አልተከፈቱም፣ የመረብ መርፌም በግራቸው መያዝ አይችሉም። ትከሻቸው ግን ሌሊት ያስተኛቸዋል። ያለፈው ቅዳሜ አንድ የድሮ ደንበኛቸው ለጥየቃ ሲመጣ ቁራጭ መረብ ይዞላቸው መጣ። አባባ በግራ መዳፋቸው ጉልበታቸው ላይ ተጭነው ያዙት፣ በቀኛቸው ቋጠሩ። አንድ ዓይን። ላላ ብሎባቸው ፈቱት፣ እንደገና ቋጠሩት። እናቴ ጀበናውን እሳት ላይ ትታ ቆማ ታይ ነበር፤ ቡናው ገነፈለ፣ ማንም አላነሳውም።

ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ብቻውን ስለሚሠራ ከአቅሙ በላይ ሰው ይመጣብኛል ብሎ ነው። በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰው ኢንቦክስ ይላክልኝ፣ ስልኩን እሰጣለሁ። ቤቱ ከአቶቴ ብዙ አይርቅም፣ ደረጃ የለውም፣ ባጃጅ በር ድረስ ይገባል። የሆስፒታል ወረቀትና የሚወስዱትን መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ጠዋት ስልክ አያነሳም፣ እጁ ታካሚ ላይ ነው። ከሰዓት ደውሉለት።