መጀመሪያ «ቆዩ፣ አትክፈሉ» ላለን የደሴ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ የደሴ ልጅ ነው። የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ስሜን አታውጪ ብሎ ስለለመነኝ ስሙን አልጠራም። ምስጋናዬን ግን በሆዴ ይዤ መቅረት አልቻልኩም። ደግሞም እንደኛ ቤታቸው ውስጥ እየሠሩ በኢንተርኔት የሚቃጠሉ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ።

የእኔና የባለቤቴ ሥራ ሰርግ መቅረጽ ነው። እሱ ይቀርጻል፣ እኔ አቀናብራለሁ። የተከራየነው ቢሮ የለም። ከሳሎኑ ጎን ያለችው ክፍል ናት ቢሯችን። የወሎ ሰርግ ደግሞ እንደምታውቁት ግማሹ ዘመድ ባሕር ማዶ ነው። የሙሽራዋ እህት ጅዳ ናት። የሙሽራው ወንድም ዱባይ ነው። አክስት ቤይሩት አለች። ድንኳኑ የተተከለው፣ ሰንጋው የተገዛው እነሱ በላኩት ብር ነው። ሰርጉን የሚያዩት ግን በእኛ ቪዲዮ ብቻ ነው።

እሱ ቪዲዮ ነበር የማይደርሰው። አንድ የተቀናበረ ሰርግ 12 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ማታ ወደ ኢንተርኔት መጫን አስጀምሬ እተኛለሁ። ጠዋት ስነሳ 30 በመቶ ላይ ነው። አንዳንዴ ሌሊት ተቋርጦ እንደገና ከዜሮ ጀምሮ አገኘዋለሁ። ባለፈው ጥር ሰርግ በሰርግ ላይ ሲደራረብ አንዲት እህት ከጅዳ ደውላ አለቀሰችብኝ። «እናቴ ስትመርቃት ማየት ፈልጌ ነበር። ሙሽሮቹ መልስ ተጠርተው ጨርሰዋል፣ እኔ ገና ምንም አላየሁም» አለችኝ። የዚያን ቀን እንጀራ አልበላ አለኝ።

ለእኔ ነገሩ የሥራ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦ ነበር። እህቴ ሪያድ ሆና በሕይወት መኖራችንን ሳታውቅ ስንት ቀን አለፈ። ሩቅ ያለ ሰው ዘመዱን ለማየት ሲጓጓ ምን እንደሚሰማው ከዚያ ወዲህ በደንብ ይገባኛል።

ከጥር በኋላ «የቤቱን አውጥታችሁ የቢዝነስ ኢንተርኔት አስገቡ» የሚለን ሰው በዛ። ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰው ደግሞ ትልቁን ፓኬጅ፣ ቋሚ አይፒ አድራሻ (የማይለወጥ የኢንተርኔት አድራሻ) እና ውድ ራውተር አንድ ላይ ካላስገባችሁ አይሠራላችሁም አለን። ብሩን አዘጋጅተን ነበር። ኮምቦልቻ ያለ የባለቤቴ ጓደኛ ነው «ቆይ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ልጅ ይይላችሁ» ብሎ ስልኩን የላከልን።

ልጁ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። አማቴ ቡና እያቀራረቡ ነበርና ተቀመጥ አሉት። «እማማ፣ አቦሉ እስኪደርስ ልለካው» ብሎ ቀጥታ ወደ ራውተሩ ሄደ። ራውተራችን ቢፌው ላይ፣ ከዳንቴሉ ሥር ነበር። መጀመሪያ ዋይፋዩን በሙሉ አጠፋና ኮምፒውተሬን በኬብል አገናኘው። «በዋይፋይ የተለካ ፍጥነት የመስመሩ ነው ወይስ የግድግዳው አይታወቅም» አለኝ። ቤታችን የድንጋይ ቤት ነው። ለካ፣ ጻፈ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ለካ። ማታ 2 ሰዓት ላይም መጥቶ ለካ። ማታ ለምን እንደመጣ ስጠይቀው፣ የመኖሪያ ቤት መስመር ከሰፈሩ ጋር የሚካፈሉት ስለሆነ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት ምን እንደሚሆን ማየት አለብኝ አለ። ለአንድ ደንበኛ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ባለሙያ እኔ አላየሁም።

ከዚያ ውጭ ወጥቶ ሽቦውን ተከተለ። የእኛ የድሮው የስልክ መስመር ነው፣ የመዳብ ሽቦ። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር መጋጠሚያው በፕላስቲር ተጠቅልሎ ነበር። ሲፈታው ውስጡ አረንጓዴ ዝጎ ነበር። የደሴን ጉምና የክረምቱን ዝናብ ለምታውቁ አይገርማችሁም። የሚያቋርጠን እሱ ነበር። በዚያ ላይ የቤት ስልኩ ድምፁን ከኢንተርኔቱ የሚለይ ማጣሪያ ሳይኖረው ነው የተገናኘው። ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ የሚንገዳገደው ለዚህ ነው። መጋጠሚያውን ቆርጦ አዲስ አደረገው፣ ማጣሪያም ገጠመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቋረጡ ቆመ።

«አሁን ቆዩ፣ አትክፈሉ። ሳምንት እዩት» አለን። ይህንን ያለን ብናስቀይር የሥራ ክፍያ የሚያገኝ ሰው ነው። ይህንን ነገር ደጋግሜ ለሰው የማወራው ለዚህ ነው።

ሳምንት አየነው። አይቋረጥም። ግን የመጫን ፍጥነቱ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት አካባቢ ቀረ። ቅዳሜ መጥቶ ወረቀት አወጣና አሰላልኝ። ኢንተርኔት የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት። 1 ባይት 8 ቢት ነው። የእኔ 12 ጊጋባይት ማለት 96,000 ሜጋቢት ነው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት እየጫነ ወደ 27 ሰዓት ይፈጃል። በ10 ሜጋቢት ቢሆን 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ዓመት ሙሉ ያንገበገበኝ ነገር በአራት መስመር ሂሳብ ተገለጠልኝ።

የመዳብ ሽቦው ኤዲኤስኤል የሚባለው ዓይነት ነው። አሠራሩ ራሱ ለማውረድ ብዙ፣ ለመጫን ጥቂት ይሰጣል። ፊልም ለሚያይ ቤት ይበቃል። ሰርግ ለሚልክ ቤት አይበቃም። ቤቱ ከስልክ ማዕከሉ በራቀ ቁጥር ደግሞ ጉልበቱ ይደክማል። እኛ በጦሳ ተራራ ጥግ ወደ ላይ የወጣን ሰዎች ነን፣ ሽቦው ስንት ዞሮ እንደሚደርሰን አስቡት። «አሁን ቀይሩ ብዬ ብመክራችሁ ሕሊናዬ ይቀበለዋል። ግን ወደ ፋይበር፣ በብርሃን ወደሚሠራው መስመር ነው የምትቀይሩት። ቢዝነስ የሚለውን ስም ብቻ ገዝታችሁ እዚሁ ሽቦ ላይ ብትቀሩ ምንም አይለወጥም» አለን።

በቤትና በድርጅት ፓኬጅ መካከል ያለውን ልዩነት እሱ ያስረዳኝን ያህል ማንም አላስረዳኝም። የቢዝነሱ ውድ ነው። በምትኩ የምትፈልጉት የመጫን ፍጥነቱ ከፍ ማለቱ ነው። ከብዙ ቤት ጋር መሻማቱም ይቀንሳል። ብልሽት ስታስመዘግቡ በስንት ሰዓት እንደሚታይ ውሉ ላይ ይጻፋል፣ ካልተጻፈ ጠይቁ። ደረሰኙ በድርጅታችሁ ስምና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁ ስለሚቆረጥ ወጪ ተብሎ ይያዝላችኋል። እኔ ይህን የመጨረሻውን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ስንት ዓመት ከኪሳችን የከፈልነው የሥራ ወጪ ነበር።

የማያመጣውንም ሳይደብቅ ነገረን። መንገድ ሲቆፈር ፋይበሩ ከተቆረጠ ቢዝነስም ሆነ ቤት እኩል ጨለማ ነው። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ። ስለዚህ ለራውተሩና ለፋይበሩ ሳጥን ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ እንድንገዛ መከረን። ለክፉ ቀን ደግሞ የሞባይል ዳታ ሲም ተዘጋጅቶ ይቀመጥ አለ።

ቋሚ አይፒ አድራሻውንስ? «እትዬ፣ ምን ልታደርጊበት ነው?» አለኝ። የምለው አጣሁ። ከውጭ ሰው ወደ ቤቴ ኮምፒውተር ወይም ካሜራ መግባት ካለበት ያስፈልጋል አለኝ። የመኖሪያ ቤት መስመር ብዙ ጊዜ የራሱ አድራሻ የለውም፣ ብዙ ቤት ከአንድ አድራሻ ጀርባ ነው የሚወጣው። ራውተሩ ላይ ከ100.64 እስከ 100.127 የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ እንደዚያ ናችሁ ማለት ነው። የእኛም እንደዚያ ነበር። ግን እኛ ቪዲዮውን ወደ ውጭ ነው የምንጭነው። ዘመድ የሚያወርደው ከዚያው ከጫንበት ቦታ ነው። «ለእናንተ ሥራ ቋሚ አይፒ በየወሩ የሚከፈል ትርፍ ብር ነው። ካስፈለጋችሁ በኋላ ይጨመራል» አለ። ራውተሩንም ቀይሩ አላለንም። ከዳንቴሉ ሥር አውጥቶ ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለልን፣ ወደ ሥራ ክፍሌ ኬብል ዘረጋ። ያ ዕቃ ሻጭ ሊያስገዛን ከነበረው ሁለቱ እዚህ ጋ ቀሩልን።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና። የቤታችን መስመር በባለቤቴ አባት ስም ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር። ንግድ ፈቃዱ በእኔ ስም ነው። እንዲሁ ሄደን ቀይሩልን ብንል ኖሮ ተመልሰን ነበር። ልጁ ይህን አስቀድሞ ጠየቀኝና «የድሮውን አትንኩት። በድርጅቱ ስም አዲስ ውል አስገቡ፣ አዲሱ ሲሠራ የድሮውን ታዘጋላችሁ» አለ። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ፋይዳ መታወቂያና የቤቱን ካርታ ቅጂ ያዥ አለኝ። የባለቤቴ አባት መስመር ውዝፍ እንደሌለበት የሚያሳይ ደረሰኝም ጨመርኩ። አንዴ ሄጄ ነው የጨረስኩት። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ግን አልተመላለስኩም።

ሁለቱን መስመር ጎን ለጎን አንድ ወር አቆየን። ድርብ መክፈል መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር። ልጁ ግን ልክ ነበር። ምክንያቱም ፋይበሩ ከተዘረጋ በኋላ አልፎ አልፎ ቀይ መብራት ይበራ ጀመር። የዘረጉት ሰዎች «ይሠራል» ብለው ሄደው ነበር። ልጁ የብርሃን መለኪያውን ይዞ መጣ። ከዜሮ በታች 29 ዲቢኤም (የብርሃኑ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ማለትም ነጌቲቭ 29 አነበበ። መሣሪያው በደንብ የሚቀበለው እስከ ነጌቲቭ 27 ድረስ ነው። መስኮቱ ጥግ ላይ ፋይበሩ እንደ ሽቦ ታጥፎ በሚስማር ተይዞ ነበር። ፋይበር ውስጡ መስታወት ነው፣ ሲታጠፍ ብርሃኑ ይፈሳል። ፎቶ አንሥቶ፣ ቁጥሩን ጽፎ ሰጠኝ። እሱን ይዤ አስመዘገብኩ፣ መጥተው ሰፋ ባለ ኩርባ አዞሩት። ነጌቲቭ 21 ሆነ። ያን ወረቀት ባልይዝ «ይሠራል» ብለው በድጋሚ ይሄዱ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያ ሁሉ ሲሆን ሥራዬ በድሮው መስመር ላይ ነበር። አንድም ደንበኛ አላጣሁም።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ሰርግ ከሐይቅ ነበር። ከምሳ በኋላ መጫን ጀመርኩ። ቡና ተፈልቶ፣ በረካው ተጠጥቶ፣ እራት ሳይቀርብ አለቀ። ማታውኑ የሙሽራዋ እህት ከጅዳ ድምፅ ላከችልኝ። እልልታዋ ብቻ ነው የሚሰማው። አማቴ ሰምተው ለልጁ ዱዓ አደረጉለት።

ስለ ክፍያው ልናገር። መጋጠሚያውን የሠራበትን፣ ኬብል የዘረጋበትንና ባትሪውን ያመጣበትን ተቀበለ። ለመለካት የተመላለሰበትን አልተቀበለም። ለፎቶውና ለወረቀቱም ስንሰጠው «አብሽሪ እትዬ፣ እሱ ሥራዬ ነው» ብሎ መለሰልን።

ሁሉም ነገሩ ፍጹም ነው አልልም። ብቻውን ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ይዘገያል። አንዴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሥራ ይዞት ቀጠሯችን በሁለት ቀን ተላልፏል። ግን አስቀድሞ ደውሎ ነው የነገረኝ። ስልክ ደግሞ ጣራ ላይ ሆኖ አያነሳም፣ መልእክት ብትልኩለት ይሻላል። መልሶ ይደውላል።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ኩታበር ድረስ ይሄዳል። ቢዝነስ ኢንተርኔት ልታስገቡ ያሰባችሁ፣ ሱቃችሁ ወይም ክሊኒካችሁ መስመሩ እያስቸገራችሁ ያለ፣ ቤታችሁ ሆናችሁ ለውጭ ድርጅት የምትሠሩ፣ ከመክፈላችሁ በፊት እሱ ይይላችሁ። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፣ ፈቅዶልኛል። ስትደውሉለት የወር ክፍያ ደረሰኛችሁንና የራውተራችሁን ጀርባ ፎቶ አዘጋጁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ግን አትደውሉለት።